ቀድሞ የተገለበጠ ያበስላል

እትዬ ነገሩን ያወቁት በዝንጅብሉ ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የካያክ ክለቡ አባላት ለቅዳሜና እሁዱ ጉዞ ስንቅ ሊያዘጋጁ ጀልባ ቤታቸው ውስጥ ተሰብስበዋል። ጀልባ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ረጅም መጋዘን ነው። ካያክ የሚባሉት ጠባብ ጀልባዎች ግድግዳው ላይ በተመቱ ብረቶች ተደግፈው ተደርድረዋል፤ የመንሳፈፊያ ሰደሪያዎቹ በሚስማር ተንጠልጥለው ላብና ሐይቅ ይሸታሉ። በዚያን ቀን ግን መሐል ካለው ጠረጴዛ ሌላ ሽታ ይመጣ ነበር። እትዬ ገና ደጃፉን ሳያልፉ አፍንጫቸው ነገራቸው። ገብተው አንዱን ፌስታል ገለጥ አደረጉ፤ ትኩስ ዝንጅብል። ሁለተኛውን ገለጡ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ የበሰለ ቲማቲም። በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ሙሉ የበግ እግር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ይህ ክለብ ይዞት የሚወጣው ስንቅ የታወቀ ነው። ፓስታ፣ የታሸገ ሰርዲን፣ ብስኩት፣ ሲከፋም ትናንት የተቀቀለ ድንች። አባላቱ የበግ እግር የሚያውቁት በጉ ላይ እንዳለ ነው።

«ዝንጅብሉን ማነው የገዛው?» አሉ እትዬ።

«እኔ ነኝ» አለ የክለቡ ሊቀመንበር። በሥራው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ አፍ ከፍቶ የተኛ ሰው የሚያባብል ይመስላል። «ለጉሮሮ ጥሩ ነው ብዬ ነው።»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«እሱም ለጉሮሮ።»

«የበጉ እግርስ?»

ጥርስ ሐኪሙ የበረዶ ሳጥኑን ከደነው። ከኋላ ገመድ ሲጠቀልል የነበረው ሌላው አባል፣ ሾፌሩ ነው ያወጣው። «እሱም ያው በጉሮሮ ነው የሚያልፈው፣ እትዬ» አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እትዬ ፌስታሉን መልሰው ቋጠሩት። ገብቷቸዋል፤ እነዚህ ሰዎች ነገ ውሃ ላይ ሊገለብጧቸው ተማምለዋል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የክለቡን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ደንቡ አንድ ነው፤ «ቀድሞ የተገለበጠ ያበስላል።» ጀልባዎቹ ከዳር ከተነሱበት ጊዜ አንስቶ የመጨረሻዋ ጀልባ በሰፈሩበት ዳርቻ ላይ ተጎትታ እስክትወጣ ድረስ፣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ለቅዳሜና እሁዱ ሙሉ የሁሉም አብሳይ ይሆናል። ማንም አያግዘውም፤ ማንም ምክር አይሰጠውም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ዓላማ ተገልባጩን ማሳፈር ነበር፤ የተቀጣው ግን የሁሉም ሆድ ነው። ባለፈው ጉዞ ጥርስ ሐኪሙ ራሱ ተገለበጠና ፓስታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሮ እሳቱን ለኮሰበት። ሲወጣ አንድ አካል ሆኖ ነበር። በቢላ ቆርጠው ነው የበሉት።

እትዬ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ኩሽና ኃላፊ ነበሩ። ሰው ቁጭ ብሎ ገላውን ሊታጠብባቸው በሚችል ድስቶች መሐል ነው የኖሩት። ለልብ ሕመምተኛው ጨው የሌለው፣ ለስኳር ሕመምተኛው ስኳር የሌለው፣ ጥርስ ለሌላቸው የተፈጨ፣ ለሐኪሞቹ ሁሉም ያለበት። ከዚያ ወጥተው ቤት ሲገቡ ባልየው ይጠብቋቸዋል፤ ባልየው ደግሞ ብቻቸውን አይጠብቁም፤ ወንድሞቻቸውን ይዘው ነው። ሰርግ ሲጠሩ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ስጦታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ገና ወንበር ሳይስቡ አንዷ ሮጥ ብላ ትመጣና «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ነገር ቅመሱልን» ትላቸዋለች። ቅመሱልን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ጨው ጨምሩበት ነው፤ ከዚያ እስቲ አማስሉት ነው፤ ከዚያ እኛ መጣን፣ እስክንመለስ ቁሙበት ነው። የገዛ ልጃቸው ሲዳር ሙሽራዋን ያዩዋት በኩሽናው መስኮት ነው።

ባልየው ሞቱ፤ ልጅየውም ሩቅ አገር ሥራ ያዘ። እትዬ ጡረታ በወጡ ዕለት ሽርጣቸውን አጣጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበትና ማሉ። ከእንግዲህ ለራሳቸው እንቁላል ከመቀቀል በላይ እሳት ላይነኩ። ዘመድ ግን ይህን መቼ ይሰማል። መጥቶ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ምድጃው ላይ ተክሎ ስለ አየር ጠባይ ያወራል። እትዬም ሁልጊዜ አንድ መልስ አላቸው፤ «ጋዝ አልቋል» ይላሉ። በዚያ ቤት ጋዝ አልቆ እንደቀረ ቀረ።

ወደ ክለቡ ያመጣቻቸው የእህታቸው ልጅ ናት። ፋርማሲስት ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ካያክ ትወዳለች። አንድ እሁድ አክስቷን አየር ይውሰዱ ብላ ሐይቁ ዳር አስቀመጠቻቸው። እትዬ ቁጭ ብለው አባላቱ ማን ቀድሞ እንደተገለበጠ ሲጨቃጨቁ ስለ ደንቡ ሰሙ።

«ያልተገለበጠ ሰውስ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

«ያልተገለበጠማ ቁጭ ብሎ ይበላል» አሏቸው።

በዚያው ቀን ተመዘገቡ። በዓለም ላይ «እስቲ ቅመሱልን» ማለት በደንብ የተከለከለበት ቦታ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም ነበር። መቅዘፉም ቢሆን አላስቸገራቸውም። ወገባቸው ሰፊ ነው፤ ቁመታቸው አጭር ነው፤ ጀልባዋ ጠርሙስ ቡሹን እንደሚይዝ አድርጋ ያዘቻቸው። ከዚያ ወዲህ በስንቱ ጉዞ፣ በስንቱ ንፋስ፣ እትዬ አንድም ቀን ተገልብጠው አያውቁም።

አባላቱ መጀመሪያ አደነቁ። ቆይተው መቆጨት ጀመሩ። የቆጫቸው ሾፌሩ አፉን ከከፈተ በኋላ ነው። ሾፌሩ እግሩ ተሰብሮ እትዬ በሚያበስሉበት ሆስፒታል ተኝቶ ያውቃል። የሾርባቸውን ነገር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። እግሩ ከዳነ በኋላም ላለመውጣት ሲያነክስ ከርሟል ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ እንዲህ ያለ እጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ እናንተ በቢላ የተቆረጠ ፓስታ ትበላላችሁ።

እትዬ ያን አርብ ጀልባ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። ሾፌሩ የእሳቸውን ጀልባ ከሁሉ ቀድሞ አውርዶ እየወለወለ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ሳበላቸው። ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሰው ሁሉ ዝምተኛው፣ «ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብዎታል» አላቸው። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ማለት ይሄ ነው ብለው ሳቁ በልባቸው። ይህ ሁሉ አላስከፋቸውም። የከፋቸው አንድ ነገር ነው። የእህታቸው ልጅ ጥግ ቆማ ድንኳን ስትቆጥር ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ጠበቃቸው። የሚሰፍሩበት አሸዋማ ዳርቻ ከወዲያ ማዶ ነው፤ ሸምበቆውን ዞረው፣ እየተዝናኑ ቀዝፈው ከሰዓት በኋላ ይደርሱበታል። እትዬ ሰደሪያቸውን አጥብቀው፣ ባርኔጣቸውን ከአገጫቸው ሥር አስረው ገቡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ሁሉም «መልካም ጉዞ፣ እትዬ» ይላል፤ እትዬም «መልካም ጉዞ፣ ልጆቼ» ይላሉ።

መጀመሪያ የጀመረው ሾፌሩ ነው። ስልኩን ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ከኋላቸው መጣ።

«እትዬ፣ እስቲ ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ያድርጉና ወደኔ ዞር ይበሉ። ፎቶ አንስቼ ለልጅዎ እልክልዎታለሁ።»

«ልጄ ፊቴን ያውቀዋል፣ አንተ» አሉና ቀዘፉ።

ተስፋ አልቆረጠም። ቀኝ ዞሮ፣ ፍጥነት ጨምሮ፣ ልክ መንገድ ላይ የቀደመውን መኪና እንደሚቀድም በጎናቸው ሽው ብሎ አለፈ። ማዕበሉ መጣ። እትዬ አንዴ ብድግ፣ አንዴ ዝቅ አሉና ተቀመጡ። ማዕበሉ ሸምበቆውን መትቶ ሲመለስ ሾፌሩን ራሱን ሊደፋው ምንም አልቀረውም።

ቀጥሎ ጥርስ ሐኪሙ ፊሽካ ነፋ። ሁሉም ቆመ። እንደ ሊቀመንበርነቱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ለደህንነታችን ሲባል አሁን የመገልበጥ ልምምድ እናደርጋለን» አለ። «አንድ ሰው ይገለበጣል፤ ሌሎቻችን እናወጣዋለን። ታላቅ ይቀድማል፤ ስለዚህ ከእትዬ እንጀምራለን።»

«ደግ ብለሃል» አሉ እትዬ። «ግን ልጠይቅህ፤ ልምምዱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?»

ጥርስ ሐኪሙ ሁለቱንም መዘነ። አይቆጠርም ቢል የበጉ እግር ሜዳ ላይ ቀረ። ይቆጠራል ቢል ልምምድ አይደለም።

«ይቆጠራል መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«የሚቆጠር ከሆነማ ሊቀመንበር ነው ምሳሌ የሚሆነው። እኛ አይተን እንማር።»

ሁሉም ያለፈው ፓስታ ትዝ አለውና ውሃውን ተመለከተ። ጥርስ ሐኪሙም ሰማዩን አየ፤ አንዲት ዳመና የለችም። «ንፋስ ሊመጣ ነው መሰለኝ፣ ሌላ ጊዜ ይሁን» አለና ቀዘፈ።

እስከዚህ እትዬ ይከላከሉ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ተንኮሉ ራሱ ጣማቸው። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንዲሉ፣ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ከሐኪምና ከዘበኛ፣ ከአማትና ከምራት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ሾፌሩን በእጃቸው ጠቀሱት።

«ስማ፣ ለማንም አትንገር» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልገለበጥላችሁ ነው። አሳዘናችሁኝ። ግን ውሃ እፈራለሁ። ሸምበቆው መሐል ስንደርስ ከጎኔ አትጥፋ፤ ቶሎ ታወጣኛለህ።»

ሾፌሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ አለሁ፣ እትዬ» አለ።

ትንሽ ቆይተው ጥርስ ሐኪሙን ጠሩት። ያንኑ ነገሩት። «ለሾፌሩ ግን እንዳትነግረው፤ አፉ አያርፍም» ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን። ከዚያ ሌሎቹን በየተራ፤ ከእህታቸው ልጅ በቀር ሁሉንም። ለእሷ መዋሸት አልፈለጉም።

ያሰቡት ይሄን ነው። የሸምበቆው መንገድ ጠባብ ነው። ያ ሁሉ ጀልባ በአንድ ሰው ዙሪያ ከተሰገሰገ፣ መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ይጠላለፋል፤ ክርን ከክርን ይጋጫል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ መቼም ውሃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። አንዱ ከገባ እሳቸው ለዚህ ጉዞ ዳኑ።

ሸምበቆው ጋ ሲደርሱ እንዳሉትም ሁሉም ተሰበሰበ። ሾፌሩ በቀኝ፣ ጥርስ ሐኪሙ በግራ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከፊት፣ የቀሩት ከኋላ። ጀልባዎቹ ተፋተጉ፤ ተናነቁ። እትዬ ከመሐላቸው አንዱ እስኪደፋ ጠበቁ። ግን አንድ ነገር ረስተው ነበር። ካያክ የሚቀዝፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ነገር፣ ከፈራህ የጎረቤትህን ጀልባ ያዝ የሚል ነው። ሁሉም ፈርቷል፤ እትዬን ሳያወጣ ራሱ እንዳይገለበጥ። ስለዚህ ሁሉም እጁን ዘርግቶ የጎረቤቱን ጀልባ ጨበጠ። እንዲህ የተያያዘ ጀልባ ደግሞ ቢደንሱበትም አይገለበጥም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳዋ መሐል ተቀምጣ፣ ድሩን ራሷ ፈትላ።

«እትዬ፣ እንዴት ነዎት?» አለ ሾፌሩ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የማዞር ነገር የለም?»

«ምንም የለም።»

ከሸምበቆው ወፍ ተነሳች። ጥርስ ሐኪሙ በእትዬ ጆሮ አጠገብ፣ «ጊዜው አሁን አይደለም?» ብሎ ሹክ አላቸው።

«የምን ጊዜ?» አለ ሾፌሩ ከወዲያ።

«አንተን አይመለከትህም።»

«እንዴት አይመለከተኝም? ለኔ እኮ ነው የነገሩኝ።»

«ለኔ ነው እንጂ።»

ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ዞሮ፣ «ይቅርታ፣ ለኔም ነግረውኛል» አለ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው አየ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። እንዲያ ስቀው አያውቁም፤ ባርኔጣቸው ከአናታቸው ወደ ዓይናቸው ወረደ። ሲስቁ ጀልባዋ ስትናጥ ሁሉም በተስፋ አየ፤ ግን የጨበጣት እጅ ብዙ ነው፣ ወዴት ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ የተንኮሉ ወኔ ከሁሉም ላይ ረገፈ። ተቆጥተውም፣ ተርበውም፣ እያጉረመረሙ ወደ ዳርቻው ቀዘፉ። እትዬ እጃቸው ስለዛለ ወደ ኋላ ቀሩ። አጠገባቸው የቀረችው የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት። ቀኑን ሙሉ ስትርቃቸው ቆይታ አሁን ቀረበች።

«አክስቴ፣ ትንሽ ልያዝሽ፤ ደከመኝ» አለችና እጇን በእትዬ ጀልባ ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

የደከመ ሰው እጁን ጥሎ ነው የሚያሳርፈው። ይህ እጅ ግን ጨብጧል። እትዬ እጁን አዩት። እዚህ ጋ ውሃው እስከ ወገብ እንኳ አይደርስም፤ ሥሩ ያለው አሸዋ ጠጠር ሳይቀር ይታያል። አንዴ ጫን ብትል በቃ።

«ልትጫኚው ነው?» አሏት።

ልጅቱ እጇን አላነሳችም።

«አንቺም?»

«ናፍቆኝ እኮ ነው፣ አክስቴ» አለች። «ከትምህርት ቤት ስመጣ የሆስፒታሉ ኩሽና በር ላይ ቆሜ የምታጎርሺኝ ነገር ናፍቆኝ። ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ጋዝ አልቋል ትይኛለሽ። ጋዝ እንዳለ አውቃለሁ። ሲያልቅ የማስሞላልሽ እኮ እኔ ነኝ።»

እትዬ ሳቅ አፈናቸው። ይህን አላሰቡትም ነበር። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው።

«የናፈቀሽን ነገርሽኝ» አሉ። «እኔን ምን እንደናፈቀኝ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን ናፈቀሽ?»

«ቁጭ ብዬ መብላት። አንድ ሰው ለኔ ብሎ ሲጨነቅ፣ ሲያቃጥል፣ ጨው ሲረሳ ማየት። እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶኝ ስለማያውቅ ናፈቀኝ ማለትም አይሆንልኝ ይሆናል።» መቅዘፊያቸውን ከውሃው አውጥተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «በይ፣ ከፈለግሽ ተጫኚው። አልቀየምሽም።»

ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ ጨብጣ ቆየች። ከዚያ እጇን አነሳች። እትዬ መቅዘፊያቸውን መልሰው ይዘው ወደ ዳር ሄዱ፤ እሷ ግን ውሃው ላይ ቀረች።

ዳርቻው ላይ ለቅሶ ቤት የገቡ ነው የመሰላቸው። ከአንዷ በቀር ጀልባዎቹ ወጥተዋል፤ ድንኳኖቹ ግን እንደተጠቀለሉ ናቸው። ሁሉም ደረቅ ነው። በክለቡ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። መሐል ላይ የበጉ እግር በሳጥኑ ውስጥ በረዶው እየቀለጠበት ተቀምጧል።

ጥርስ ሐኪሙ ስብሰባ ከፈተ። ደንቡ ተገልባጭ በሌለበት ስለሚሆነው ነገር ምንም እንደማይል ገለጸ። አንዱ ዕጣ እንጣል አለ። ሌላው ዕጣው ለኔ ቢወጣስ ብሎ ተቃወመ። አንዱ በልምድ ይሁን አለ፤ በልምድ ከተባለ ሁሉም እንደሚያውቀው ጉዳዩ አለቀ። ዓይኖች አንድ በአንድ ወደ እትዬ ዞሩ። የክፉ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ርቦት የተቀመጠ የሕፃን ዓይን ነው እንጂ። እትዬ ደግሞ ለዚህ ዓይን አቅም የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ያሸነፋቸው እሱ ነው።

«እትዬ» አለ ሾፌሩ፤ ከልቡ እያፈረ። «እስቲ ይቺን ሥጋ ብቻ ይዩልን።»

እትዬ ጉልበታቸው ሲንቀሳቀስ ተሰማቸው። ገና ልባቸው እሺ ሳይል እግራቸው ሊነሳ ነው። ይህን ጉልበት ያውቁታል፤ በሰርጉ ሁሉ፣ በለቅሶው ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። አንድ እጃቸውን መሬት አስደገፉ።

ያኔ ነው ከኋላ ውሃው ቦጭ ያለው።

ሁሉም ዞረ። የእህታቸው ልጅ ጀልባ ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ ተንሳፍፋለች። ንፋስ የለም፤ ማዕበል የለም፤ አጠገቧ የነካት ሰው የለም። ልጅቱ ከሥር ብቅ አለች፤ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ጠረገች።

«ተገለበጥኩ» አለች።

«ሆን ብላ ነው» አለ ጥርስ ሐኪሙ። «ሁላችንም አይተናል። ይህ አይቆጠርም።»

«ደንቡ የተገለበጠ ይላል እንጂ ሳይወድ የተገለበጠ አይልም» አሉ እትዬ። ጉልበታቸው ተመልሶ ተቀመጠ።

ልጅቱ ውሃ እያንጠባጠበች ወጥታ በቀጥታ ወደ ድስቱ ሄደች። የክለቡ ሰዎች ተያዩ። ሥራዋን ያውቃሉ፤ መድኃኒት በሚሊግራም የምትመዝን ልጅ ናት። ጨው ግን በጭብጥ ነው የምትዘግነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እትዬ እንዴት እንደቻሉት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ልጅቱ ዝንጅብሉን ከነልጣጩ፣ ከነአፈሩ ጣለችው። ዘይቱ እስኪጨስ ጠበቀችና ደንግጣ ውሃ ደፋችበት፤ ሾፌሩ ድንኳን ሥር ገባ። የበጉ እግር ድስቱ ውስጥ አልገባ ሲላት አቆመችው፤ አጥንቱ በክዳኑ በኩል ወጥቶ እጁን እንዳወጣ ተማሪ ቀረ። እትዬ ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተጫኑባቸው። አንዴ ብቻ «እሳቱን...» የሚል ቃል አመለጣቸው።

«ምክር ክልክል ነው» አለ ጥርስ ሐኪሙ፤ ቂም ይዞ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ምግቡ ደረሰ፤ ደረሰ ከተባለ። ልጅቱ የመጀመሪያውን ሳህን ሞልታ፣ ግንባሯ ላይ ጥላሸት ይዛ፣ በሁለት እጇ ለአክስቷ አመጣች። «አክስቴ፣ ብዪ» አለች። ሁሉም የራሱን ሳህን ይዞ ፊታቸውን ይጠብቃል። ሥጋው በአንድ በኩል ከሰል፣ በሌላ በኩል ጥሬ ነው። ጨው ሁለት ጊዜ ጎብኝቶታል። እትዬ ጎረሱ። አላመጡ፤ ረጅም ጊዜ አላመጡ። ሁለተኛ ጎረሱ።

«እኔ እንደ ጥርስ ሐኪም ስናገር፣ ይህ ሥጋ ገበያ ያመጣልኛል» አለ ሊቀመንበሩ፤ ሌሎቹም ሳህናቸውን ቀስ እያሉ አሸዋው ላይ አስቀመጡ። እትዬ አልሰሙትም። ቲማቲሙን ጨረሱ፤ ሥጋውን ጨረሱ፤ የተቃጠለውን እንኳ አልተዉም። ከዚያ ባዶውን ሳህን ዘረጉት።

«ጨምሪልኝ» አሉ።

ልጅቱ የሚያፌዙባት መስሏት ፊታቸውን አየች። አያፌዙም። ጨመረችላቸው። እትዬም ሳህኑን ሲቀበሉ፣ «እጅሽ ይባረክ» ሊሉ ጀምረው ሳህኑን ጭናቸው ላይ አደላደሉት። ይህን ቃል ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲሰሙት ኖረዋል። ከሕመምተኛው፣ ከባልየው ወንድም፣ ከሰርገኛው፤ ሁልጊዜ በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። ለሌላ ሰው ለማለት ግን ተራ ደርሷቸው አያውቅም። እንደገና ጀመሩት።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ።

ልጅቱ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። እሷም ቢሆን ይህን ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ምን እንደሚመለስ ጠፋት።

«አሜን በይ እንጂ» አሏት እትዬ። «አሜን ነው የሚባለው።»

«አሜን» አለች።